የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ለመገጣጠም የትኛው አልጎሪዝም ይሻላል?

አንድ ወረቀት ያዙና «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላችሁ ክፍተት ሳትተዉ ጻፉ። 18 ፊደል ነው። አሁን ሁለት ሁለት ፊደል በትንንሽ ካርድ ላይ ገልብጡ። በየካርዱ አንድ ፊደል ብቻ ወደፊት ሂዱ፦ ቀስ፣ ስበ፣ በቀ፣ ቀስ፣ ስእ፣ እን እያላችሁ እስከ ዳል። 17 ካርድ ይወጣል። በውዙትና ተረቱን ለማያውቅ ሰው ስጡት። ሕጉ አንድ ነው፦ የአንዱ ካርድ መጨረሻ ከሚቀጥለው ካርድ መጀመሪያ ጋር መግጠም አለበት።

ሰውየው 17ቱንም ካርድ ተጠቅሞ «ቀስ በእግሩ ይሄዳል በቀስ እንቁላል» የሚል ሊያመጣላችሁ ይችላል። ቆጥራችሁ አረጋግጡ። አንድም ካርድ አልተረፈም። ርዝመቱም 18 ፊደል ነው። 16ቱም መጋጠሚያ ትክክል ነው። ተረቱ ግን ጠፍቷል።

ዲኤንኤ መገጣጠም ላይ ያለው ጣጣም ይኸው ነው። አንድን ጂኖም (የአንድን ፍጡር ሙሉ ዲኤንኤ) ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ ብዙ ቅጂ ተዘጋጅቶ በዘፈቀደ ይቆራረጣል፣ ቁርጥራጩ ይነበባል፣ ከዚያ የሚደራረበው ከሚደራረበው ጋር እየተያያዘ ይቀጠላል። በ1977 የወጣው የሳንገር ዘዴ ዛሬም በደህና ቀን ከ500 እስከ 1,000 ፊደል ያነባል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።) ሳይቋረጥ የተያያዘው ክፍል ኮንቲግ ይባላል። የሁሉም ምኞት ጥቂትና ረጃጅም ኮንቲግ ማግኘት ነው።

ቁርጥራጮቹን በምን ቅደም ተከተል እንደምንደረድር ሁሉንም አማራጭ ሞክረን አንጨርስም። 39 ቁራጭ ብቻ ቢኖረን እንኳ የአደራደሩ ብዛት 2 ተጽፎ ከኋላው 46 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ቁራጭ ከሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ከየትኛው እንደመጣ አናውቅም። ሂውሪስቲክ የሚባሉት ዘዴዎች የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም ሳይፈትሹ ጥሩ መልስ የሚፈልጉ ብልሃቶች ናቸው። ብዙ ናቸው፣ ስማቸውም ያደናግራል። ተማሪዎች «የቱን ልጠቀም?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰውን ነው እዚህ የማሰፍረው።

ከአልጎሪዝሙ በፊት ሽፋኑን አስሉ

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፣ ከዚያ ጥፋቱን አልጎሪዝሙ ላይ ይጭናል።

ላምዳን እንውሰድ። ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። 48,502 ፊደል አለው፣ ሙሉ ንባቡም የታተመው በ1982 ነው። 500 ፊደል ርዝመት ያላቸውን ቁርጥራጮች እናንብብና እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ 4 ጊዜ ይሸፈን እንበል። 388 ቁራጭ ያስፈልገናል። ላንደርና ዋተርማን በ1988 ባወጡት ስሌት መሠረት 2 ከመቶ ገደማ፣ ማለትም 890 አካባቢ ፊደል፣ ጭራሽ ሳይነበብ ይቀራል። ክፍተቱም ወደ 7 ቦታ ይሆናል። ሽፋኑን ወደ 7 ስናሳድገው 679 ቁራጭ እንፈልጋለን። ያልተነበበው ወደ 44 ፊደል ይወርዳል፣ ክፍተቱም በአማካይ ከአንድ በታች ይሆናል።

እንግዲህ በ4 ሽፋን አንድ ወጥ ኮንቲግ መጠበቅ በከንቱ መድከም ነው። ያልተነበበን ነገር የሚገጣጥም አልጎሪዝም የለም። በጀት ካላችሁ ለተጨማሪ ንባብ አውሉት እንጂ አልጎሪዝም በማሻሻል አትባክኑ።

ስግብግቡ

ቀላሉ ይኸ ነው። የሁሉንም ጥንድ መደራረብ ያሰላል፣ ትልቁን መርጦ ያጣብቃል፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ እንደዚያ እያለ ይጨርሳል። ፈጣን ነው። እኩል የሆኑትን በቋሚ ሕግ እስከለየ ድረስ መቶ ጊዜ ብታስኬዱት መቶ ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል፣ ስህተት ስትፈልጉ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እንዲያውም በ1995 ራሱን ችሎ የሚኖር ፍጡር ሙሉ ጂኖም ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው በዚህ መንገድ ነው። ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ የሚባል ባክቴሪያ ነበር፣ 1,830,137 ፊደል፣ የተገጣጠመበት ሶፍትዌርም መሠረቱ ስግብግብ ነበር።

ችግሩ አንዴ የወሰነውን አይመልስም። ድግግሞሽ ሲያጋጥመው ትልቅ መደራረብ ያየና ዘሎ ይይዘዋል። በሰው ጂኖም ውስጥ «አሉ» (Alu) የሚል ስም ያለው 300 ፊደል ገደማ የሆነ ቅንጣት ከ1 ሚሊዮን በላይ ቅጂ አለው። ስግብግቡን እዚያ ውስጥ መልቀቅ ሕፃን ልጅን መርካቶ ብቻውን እንደመልቀቅ ነው።

ቢሆንም ሁልጊዜ ከእሱ ጀምሩ። መልሱን ለሌላው ዘዴ መነሻ አድርጉት።

ፓልስ፣ የእኔ ምርጫ

ከሁሉም ይልቅ የምወደው ይህን ነው። በ2007 ከማላጋ ዩኒቨርሲቲ አልባና ሉኬ ያቀረቡት የአካባቢ ፍለጋ ነው፤ ማለትም በእጁ ያለውን አደራደር በጥቂቱ እየለወጠ የተሻለ ይፈልጋል። ሐሳቡ በአንድ ደቂቃ ይገባል።

ሰባት ቁራጭ በዚህ ተራ ተደርድረዋል እንበል፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7። መሃል ያለውን 3፣ 4፣ 5 አንስታችሁ ገልብጡት፦ 1፣ 2፣ 5፣ 4፣ 3፣ 6፣ 7። ምን ተለወጠ? በ2 እና 3፣ በ5 እና 6 መካከል የነበረው ግንኙነት ተበጠሰ። በ2 እና 5፣ በ3 እና 6 መካከል አዲስ ተፈጠረ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። 3 ከ4፣ 4 ከ5 ጎረቤትነታቸው አልተነካም። ስለዚህ ለውጡ ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ የሚያስፈልጉት አራት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ የእነዚህ አራት ጥንዶች መደራረብ።

ቀላል ይመስላል። ግን ልዩነቱን አስቡት። 773 ቁራጭ ቢኖራችሁና በእያንዳንዱ ሙከራ ጠቅላላ ነጥቡን (የጎረቤታሞቹን መደራረብ ድምር) እንደ አዲስ ብትደምሩ 772 ቁጥር ትደምራላችሁ። በዚህኛው አራት። ሌሊቱን ሙሉ ላፕቶፕ ሲያስጮህ የሚያድረውን ሥራ ሻይ እየጠጣችሁ የምትጨርሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ብልሃት የበለጠ ደስ ይለኛል። ፓልስ የመደራረብ ድምሩን ብቻ አያይም። መገልበጡ የኮንቲጎችን ቁጥር ይቀንስ እንደሆነም ይገምታል፤ እንዲያውም ቅድሚያ የሚሰጠው ለዚያ ነው። በሁለት ጎረቤታም ቁርጥራጮች መካከል ያለው መደራረብ ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ እዚያ ላይ ኮንቲጉ ተቆርጧል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ልኩ 30 ይደረጋል። የሚበጠሱት ሁለቱ ከልኩ በታች ሆነው አዲሶቹ ከልኩ በላይ ከሆኑ ሁለት መቁረጫ ተዘጋ ማለት ነው።

ጉድለቱ ትንሽ ኮረብታ ላይ ወጥቶ «ደረስኩ» ማለቱ ነው። ትልቁ ተራራ ማዶ ቢኖርም ቁልቁል መውረድ አይፈልግም። መድኃኒቱ ከተለያየ መነሻ ደጋግሞ ማስኬድ ነው። ፈጣን ስለሆነ ይህ አይከብድም።

ቀስ ብሎ የሚቀዘቅዘው

ከኮረብታው ለመውረድ ፈቃደኛ የሆነው ሲሙሌትድ አኒሊንግ ነው። በ1983 ኪርክፓትሪክ፣ ጌላትና ቬቺ አስተዋወቁት። ብረት የሚሠራ ሰው ያውቀዋል፦ የጋለ ብረት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይረጋጋል፣ በችኮላ ከቀዘቀዘ ይሰባበራል። አልጎሪዝሙም መጀመሪያ «ሙቅ» ነው። ነጥብ የሚቀንስ ለውጥ ቢመጣለትም አንዳንዴ ይቀበላል። እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይቆጠባል።

በቁጥር እንየው። አንድ ለውጥ ነጥቡን በ20 ይቀንሳል እንበል። ሙቀቱ 100 ሲሆን ለውጡን የመቀበል ዕድሉ 82 ከመቶ ገደማ ነው። ሙቀቱ 5 ሲደርስ 2 ከመቶ እንኳ አይሞላም።

ኮዱ አጭር ነው። የፓልስን መገልበጥና አራቱን ቁጥሮች እንዳለ መውሰድ ትችላላችሁ። ልፋቱ ያለው የመነሻውን ሙቀትና የማቀዝቀዣውን ፍጥነት ማግኘት ላይ ነው። ለአንዱ ዳታ የሠራው ለሌላው አይሠራም። ትዕግሥት ላለው ሰው ጥሩ ነው። ፓልስ ተቸክሎ ከቀረባችሁ ቀጥላችሁ የምትሞክሩት ይህን ይሁን።

ጄኔቲክ አልጎሪዝም፣ የሁሉም የመጀመሪያ ፍቅር

ስሙ ራሱ ይስባል። ዲኤንኤን በዝግመተ ለውጥ መገጣጠም! እኔም የጀመርኩት ከዚሁ ነው። ሬቤካ ፓርሰንስ፣ ስቴፋኒ ፎረስትና ክርስቲያን ቡርክስ በ1995 ያሳተሙት ሥራ ለብዙዎች በር ከፍቷል። ብዙ አደራደሮችን እንደ ሕዝብ ይይዛል፣ የተሻሉትን ያዳቅላል፣ አልፎ አልፎ ይለውጣቸዋል።

ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ማዳቀሉ ላይ ነው። አንደኛው ወላጅ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ነው። ሌላኛው 3፣ 5፣ 1፣ 2፣ 4። ከመጀመሪያው ሁለቱን፣ ከሁለተኛው የመጨረሻ ሦስቱን ብትወስዱ ልጁ 1፣ 2፣ 1፣ 2፣ 4 ይሆናል። 3 እና 5 ጠፉ፣ 1 እና 2 ደግሞ ተደገሙ። ይህ መልስ አይደለም። አንዱ መፍትሔ ከመጀመሪያው 1፣ 2 ወስዶ የቀሩትን በሁለተኛው ወላጅ ተራ መሙላት ነው፦ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 4። ከዚያ የሚሻለው ግን ጎረቤትነትን የሚያወርሰው ማዳቀል ነው። ምክንያቱም ለእኛ ቁራጭ 3 በስንተኛ ቦታ መቀመጡ ምንም አይደለም። ከማን ጎን መቀመጡ ነው ቁም ነገሩ። ይህ ነገር እስኪገባኝ ድረስ ስንት ሌሊት ነጥቡ ንቅንቅ ሳይል አድሯል።

ጄኔቲክ አልጎሪዝም ለብቻው በዚህ ሥራ ላይ ቀርፋፋ ነው። የሚነካኩ ቁልፎቹም ይበዛሉ፦ የሕዝቡ ብዛት፣ የማዳቀል መጠን፣ የለውጥ መጠን። ሙሉ ጉልበቱ የሚወጣው እያንዳንዱን ልጅ በፓልስ ስትሞርዱት ነው። ድቅሉ ሜሜቲክ ይባላል። አንዱ ራቅ ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው ያገኘውን ያጠራል። ጊዜ ካላችሁና ለጥናት ከሆነ ይህን ጥምረት እመክራለሁ።

ጉንዳኖች፣ መንጋዎችና ሌሎችም

የጉንዳን አልጎሪዝም በ1992 ከማርኮ ዶሪጎ የዶክትሬት ሥራ የመጣ ነው። ጉንዳኖቹ ጥሩ በሆኑ ጥንዶች መካከል ሽታ ይተዋሉ፣ ተከታዮቹ ያንን ይከተላሉ። ለጎረቤትነት ጥያቄ ተፈጥሮው ይስማማል። ሆኖም ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ቁጥር መያዝ አለበት። ለ773 ቁራጭ 600,000 ገደማ ነው፣ ምንም አይደለም። 100,000 ቁራጭ ሲሆን ግን 10 ቢሊዮን ይደርሳል።

በ1995 ኬኔዲና ኤበርሃርት ያወጡት የመንጋ አልጎሪዝም የተሠራው ያለመቋረጥ ለሚለዋወጡ ቁጥሮች ነው። ለእኛ ሥራ ቁጥሮቹን በመጠናቸው ደርድሮ ወደ ተራ መቀየር ያስፈልጋል። ቁጥሩ ትንሽ ሲነቃነቅ ተራው ወይ ምንም አይለወጥም፣ ወይ ይዘላል። እኔ አልጠቀምበትም። ስለ ተኩላ፣ ስለ የሌሊት ወፍ፣ ስለ እሳት ዝንብ አልጎሪዝም ስትሰሙም ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ አንዱን አደራደር ወደ ሌላው የሚቀይረው በምን ዓይነት እርምጃ ነው? ነጥቡንስ የሚሰጠው በምን?

ተጓዡን ነጋዴ አትርሱ

ግባችሁ የጎረቤታሞችን መደራረብ ድምር ማሳደግ ብቻ ከሆነ፣ ይህ ያው የታወቀው የተጓዥ ነጋዴ ጥያቄ ነው፦ ብዙ ከተማዎችን በአጭሩ መንገድ እንዴት ዞሮ ይጨርስ? ከተማዎቹ ቁርጥራጮቹ ናቸው፣ ትልቅ መደራረብ ማለት አጭር መንገድ ነው። ከሁሉም እኩል የሚርቅ አንድ የይስሙላ ከተማ ጨምሩና ክቡ መንገድ ወደ ቀጥታ መስመር ይቀየራል። ለዚህ ጥያቄ ከ1973 የሊንና ከርኒሃን ዘዴ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የተሞረዱ ሶፍትዌሮች አሉ። ሺህ ከተማ አያስጨንቃቸውም። አዲስ አልጎሪዝም ሠርታችሁ ከስግብግቡ ጋር ብቻ ብታወዳድሩት ሐቀኛ ውድድር አይደለም። ከእነዚህ ጋር አወዳድሩት።

ነጥቡ ሲዋሽ

ከአልጎሪዝሙ በላይ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው።

አራት ቁራጭ አሉን። በአንደኛው አደራደር ሦስቱ መጋጠሚያዎች 200፣ 200፣ 200 ናቸው። ድምሩ 600፣ ኮንቲጉ አንድ። በሌላኛው 350፣ 0፣ 300 ናቸው። ድምሩ 650፣ ግን መሃሉ ተበጥሷል፣ ኮንቲጉ ሁለት ነው። ድምርን ብቻ የሚያይ አልጎሪዝም ሁለተኛውን ይመርጣል። ጎበዝ በሆነ ቁጥር ወደ ስህተቱ ቶሎ ይደርሳል። ፓልስን ያስወደደኝ ይህን ማየቱ ነው።

የተረቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እዚያ ድምሩም እኩል ነው፣ ኮንቲጉም አንድ ነው፣ ርዝመቱም አንድ ነው። በምንም ነጥብ አይለዩም። አሁን ካርዶቹን በሦስት ሦስት ፊደል ሥሩ። 16 ካርድ ይሆናል፣ መደራረቡ ሁለት ሁለት ፊደል ነው፣ ሙሉ ነጥቡ 30። ሞክሩት። 30 የሚያመጣው ትክክለኛው ተረት ብቻ ነው። «ቀስ» አሁንም ሁለት ቦታ አለ፣ ግን ወደ ተሳሳተው መንገድ የሚወስደው «ስበእ» የሚል ካርድ የለም። አንድ ፊደል መርዘሙ በሩን ዘጋው።

በእውነተኛው ዓለምም የሆነው ይኸው ነው። የሰው ጂኖም ያለ ክፍተት ተገጣጥሞ 3.055 ቢሊዮን ፊደል ሆኖ በ2022 የታተመው፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፊደል በአንድ ጊዜ የሚያነቡ መሣሪያዎች ከመጡ በኋላ ነው።

የእኛ ጤፍም ጥሩ ማሳያ ነው። 40 ክሮሞዞም አለው፣ ግን ከሁለት የተለያዩ ቅድመ አያቶች የመጡ ሁለት ንዑስ ጂኖሞችን ተሸክሟል። በጣም የሚመሳሰሉ ቁርጥራጮች ከሁለቱም ይመጣሉ። ድምር የሚያሳድድ አልጎሪዝም የአንዱን ከሌላው ጋር ቢያጣብቅ ነጥቡ ያጨበጭብለታል። በ2014 «ጸደይ» የተባለው የጤፍ ዝርያ ጂኖም የመጀመሪያ ረቂቅ ወጣ። በ2020 ደግሞ «ዳቢ» የተባለው ዝርያ በረጃጅም ንባብ ተሠርቶ ንዑስ ጂኖሞቹ ተለይተው ታዩ።

እንግዲህ የቱን?

ትምህርት ላይ ከሆናችሁ ስግብግቡንና ፓልስን በፓይተን ራሳችሁ ጻፉ። ሁለቱን ከጻፋችሁ ሌላው ሁሉ ይቀልላል።

ጥቂት መቶ የሳንገር ንባብ ይዛችሁ አንድ ቫይረስ ወይም ፕላዝሚድ (ባክቴሪያ ውስጥ ያለ ትንሽ ዲኤንኤ) መገጣጠም ከፈለጋችሁ በስግብግቡ ጀምሩ፣ በፓልስ አጥሩ፣ መጋጠሚያዎቹን በዓይናችሁ እዩ። ከተቸከለ አኒሊንግ። ለምርምር ጽሑፍ ከሆነ ሜሜቲኩን ከተጓዥ ነጋዴ ሶፍትዌር ጋር አሰልፉ፣ ድምሩንም የኮንቲጉን ቁጥርም አሳዩ።

በሚሊዮን የሚቆጠር አጭር ንባብ ካላችሁ ግን ከላይ ያልኩትን ሁሉ ተዉት። የሁሉንም ጥንድ መደራረብ ማስላት ራሱ አይቻልም። በ2001 ፔቭዝነር፣ ታንግና ዋተርማን ያሳዩት የደ ብሩይን ግራፍ መንገድ ነው የሚያዋጣው፤ ንባቦቹን ልክ እንደ ካርዶቻችን እኩል ርዝመት ባላቸው አጫጭር ቁራጮች ከፍሎ ያያይዛል። ስፔድስ የሚባለው ሶፍትዌር በዚያ ላይ የተሠራ ነው። ለረጃጅም ንባብ ፍላይና ሃይፋይአዝም አሉ። ነፃ ናቸው። ሥራ ለማድረስ የተጣደፈ ሰው የራሱን ጄኔቲክ አልጎሪዝም ይዞ ከእነሱ ጋር ባይታገል ይሻለዋል።

የመረጣችሁትን ዘዴ ለመፈተን የላምዳን ንባብ ከሕዝብ የመረጃ ቋት አውርዱ። ራሳችሁ በ500 ፊደል በዘፈቀደ ቆራርጡት፣ አንዴ በ4 ሽፋን፣ አንዴ በ7። በዕጣ የሚሠራ ዘዴ ከሆነ እየለዋወጣችሁ 30 ጊዜ አስኬዱት፣ የተሻለውን ብቻ ሳይሆን የመካከለኛውንና የመጨረሻውንም ውጤት መዝግቡ። ከዚያ የ4ቱን ሽፋን ውጤት በደንብ ተመልከቱ። ወደ 7 ክፍተት ሊኖር በሚገባው ቦታ ኮዳችሁ ደጋግሞ አንድ ወጥ ኮንቲግ ካወጣ አትደሰቱ። የማይገናኙ ቁርጥራጮችን እያገናኘ ነውና የመደራረቡን ልክ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና አስኬዱት።